ከስቶክሆልም የመጣ ኮምፓስ አዲስ አበባ ላይ ለምን ያዘነብላል?

የእንጦጦ ተጓዥ

ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜና እሑድ የእግር ተጓዦችን እየመራሁ እንጦጦንና የመናገሻን ጫካ እዞራለሁ። ስቶክሆልም የምትኖረው እህቴ ግልጽ ፕላስቲክ ላይ የተገጠመ፣ ውስጡ ፈሳሽ ያለበት ጥሩ ኮምፓስ ላከችልኝ። እሷ እዚያ በዚሁ ዓይነት ኮምፓስ ጫካ ለጫካ ትሮጣለች። እኔ እጅ ሲገባ ግን ጠባዩ ተለወጠ። አግድም አስተካክዬ ስይዘው የቀስቱ ነጭ ጫፍ ወደ ታች ወርዶ ወለሉን ይነካል፤ ሰሜንን የሚያመለክተው ቀዩ ሽቅብ ያንጋጥጣል። ስዞር ቀስቱ ይጎተታል፣ ይይዛል፣ ከዚያ ድንገት ይዘላል። አልወደቀም፣ የአየር አረፋ የለውም። አንድ ሰዓት ጠጋኝ አይተውት «ማግኔቱ ደክሟል» አሉኝ። እውነት ነው?

ይህን ሳሰላስል ሌሎች ሁለት ነገሮችም ከነከኑኝ። ተመሳሳይ የማግኔት ዋልታዎች ይገፋፋሉ ተብለን ተምረናል፤ ታዲያ የቀስቱ ሰሜን ለምን ወደ ምድር ሰሜን ይዞራል? ደግሞም መግነጢሳዊው የሰሜን ዋልታ ከካናዳ ተነሥቶ ወደ ሳይቤሪያ እየሄደ ነው ይባላል። ኮምፓሴ የሚከተለው እሱን ከሆነ፣ እንጦጦ ላይ ሰው ይዤ ስሄድ መንገድ ያሳስተኛል ወይ?


አሮጌው ቀያሽ

ሰዓት ጠጋኙ ስለ ሰዓት ይናገሩ። የኮምፓስህ ማግኔት አልደከመም፤ ዕቃው ጤነኛ ነው። የተሠራው ለሌላ አገር ነው፣ ያ ብቻ ነው ጥፋቱ።

ዕድሜዬን በመሬት ቅየሳ ስለጨረስኩ ነገሩን ከሥሩ ብጀምርልህ አትቆጣኝ። ብዙውን ግራ መጋባት የሚፈጥረው «ኮምፓስ ወደ ሰሜን ዋልታ ይሳባል» የሚለው አነጋገር ነው። ቀስቱ ዋልታውን አያውቀውም። የሚያውቀው አሁን የቆመበትን ቦታ መግነጢሳዊ መስክ ብቻ ነው። ጤፍ ነፋሱ ወደሚነፍስበት እንደሚያጋድል ሁሉ ቀስቱም መስኩ በተዘረጋበት አቅጣጫ ይጋደማል፤ ነፋሱ ሄዶ ሄዶ የት እንደሚያበቃ ጤፉን የሚጠይቀው የለም።

መስኩ ደግሞ በየአገሩ አግድም የሚሄድ አይደለም። ስቶክሆልም ላይ ከአግድም 73 ዲግሪ ያህል ወደ መሬት ውስጥ ያዘቀዝቃል፤ ቀጥ ብሎ ለመውረድ ምን ቀረው? በወገቡ ተመጣጥኖ የተንጠለጠለ ቀስት እዚያ ቢሆን ቀይ አፍንጫውን ወደ መሬት በተከለ ነበር። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ነጩን ጫፍ በጥቂቱ ከበድ አድርጎ ይሠራዋል፤ መስኩ ቀዩን ወደ ታች ሲጎትት ክብደቱ ነጩን ወደ ታች ይጎትትና ቀስቱ ተስተካክሎ ይቆማል። እህትህ የምታየው ይህን ስምምነት ነው።

አዲስ አበባ ግን መግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ናት። ይህ ኬንያን አቋርጦ ከሚያልፈው የጂኦግራፊ ወገብ ጋር አንድ አይደለም። መስኩ ምንም ሳያዘቀዝቅ አግድም የሚሄድባቸውን ቦታዎች የሚያያይዝ መስመር ነው፤ በእኛ በኩል ሲያልፍ ከጂኦግራፊው ወገብ ዘጠኝ ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ወጥቶ ኢትዮጵያን ያቋርጣል። በዓለም ላይ ብዙ ከተማ የሌለው ዕድል ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 ለተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት በዩኒቨርሲቲው ግቢ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ ሲቋቋም ቦታውን ተፈላጊ ያደረገው አንዱ ነገር ይኸው ነው። ቀን ቀን ከራሳችን በላይ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ይህንኑ መስመር ተከትሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ እሱን ከሥሩ ሆኖ ለመለካት አዲስ አበባ ተመራጭ ናት።

ወደ ኮምፓስህ ልመለስ። እዚህ ቀዩን ወደ ታች የሚጎትተው ኃይል ወደ ዜሮ ተጠግቷል፤ ፋብሪካው ነጩ ላይ የጨመረው ክብደት ግን ከስዊድን አብሮት መጥቷል። ተቃዋሚ ያጣ ክብደት ወለሉ ላይ ይተኛል። ሲድኒ ብትወስደው ደግሞ ይብሳል፤ እዚያ መስኩ ራሱ የቀስቱን ደቡባዊ ጫፍ ወደ ታች ስለሚስብ ሁለቱ ይተባበሩበታል። ኮምፓስ አምራቾች ዓለምን በቀጠና የሚከፍሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዳንዶቹ በሦስት፣ ሌሎቹ በአምስት ይከፍሏታል።

የሚያናድደኝ ነገር ቢኖር በኮምፓስ ለመሥራት ከእኛ የተሻለ አገር ጥቂት ሆኖ ሳለ ሰው «እዚህ አይሠራም» ብሎ መደምደሙ ነው። ቀስቱን የሚያዞረው አግድሙ የመስኩ ክፍል ነው። ስቶክሆልም ላይ ጠቅላላው መስክ ከእኛው ይበረታል፤ ነገር ግን አብዛኛው ወደ መሬት ስለሚወርድ አግድም የሚቀረው 15,000 ናኖቴስላ (የመስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ 36,000 ያህል ነው፤ ሁሉም አግድም ማለት ይቻላል። ለዚህ አገር የተመጣጠነ ቀስት እዚህ ፈጥኖ ይረጋል፤ እዚያ ይወላውላል።

ይህን ከያዝክ ዋልታው ምን እንደሆነ ይገባሃል። መግነጢሳዊ ዋልታ ማለት መስኩ ቀጥ ብሎ ቁልቁል የሚወርድበት ነጥብ ነው፤ የተቀበረ ነገር የለውም። ጄምስ ክላርክ ሮስ የተባለው እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1831 በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ ቡዝያ በተባለው ልሳነ ምድር ሲደርስ ወደ ታች የሚያዘቀዝቀው ቀስቱ 89 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ አነበበለት፤ ከቋሚ የጎደለው አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር። በአንጻሩ አግድም የሚዞረው ተራ ኮምፓስ እዚያ ምንም አይናገርም፤ የሚያዞረው አግድም ኃይል የለማ። ኮምፓስ እጅግ የሚደናገረው ይጠቁመዋል የተባለው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው።

ስለ ሳይቤሪያው እመለሳለሁ፣ ቡናዬ እየቀዘቀዘ ነው።


የጣና ዳር መምህርት

ጋሼ የጀመሩትን ልቀጥል፤ ሁለተኛው ጥያቄ የእኔ ክፍል ነው።

ቀስቱ እንደማይሳብ፣ እንደሚዞር ብቻ ለማየት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሮበርት ኖርማን የተባለ የለንደን ኮምፓስ ሠሪ፣ ቀድሞ መርከበኛ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1581 ባሳተመው ጽሑፍ አሳይቶታል። የተመገነጠ ሽቦ በቡሽ ወግቶ፣ በውኃ ውስጥ ሳይሰምጥም ሳይንሳፈፍም መሐል ላይ እንዲቆይ አድርጎ ቡሹን ከረከመው። ሽቦው ወደ ሰሜን ዞረ፣ አንድ ጫፉም አዘቀዘቀ፤ ሆኖም ወደ ሰሜን አልሄደም፣ ወደ ታችም አልተሳበም። ባለበት ዞሮ ቆመ። እኔ ከተማሪዎቼ ጋር የልብስ ስፌት መርፌ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ በወጣ ማግኔት አሽቼ፣ በቡሽ ሳፋ ውኃ ላይ አንሳፍፌ አሳያቸዋለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የምድር መስክ በመርፌዋ ርዝመት ውስጥ ልዩነት የለውም፤ አንዱን ጫፍ ወደ ሰሜን የሚጎትተውን ያህል ሌላውን ወደ ደቡብ ይጎትታል። ሁለቱ ይጣፋሉ፣ የሚቀረው ማዞር ብቻ ነው። ማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ብረት የሚስበው መስኩ ከቦታ ቦታ በፍጥነት ስለሚለዋወጥ ነው።

ስለ ስሙ፦ በፊዚክስ ቋንቋ፣ ሰሜን ያለው የምድር መግነጢሳዊ ዋልታ የደቡብ ጠባይ ያለው ዋልታ ነው። የቀስቱን ጫፍ «ሰሜን» ያሉት ወደ ሰሜን ስለሚያመለክት ነው፤ እሱን የሚቀበለው ወገን ተቃራኒው መሆኑ ግድ ነው። ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም፤ ተማሪዎቼ ግን በየዓመቱ እዚህ ላይ ይጨቃጨቃሉ።

ምድር ራሷ ማግኔት መሆኗን እ.ኤ.አ. በ1600 የጻፈው ዊልያም ጊልበርት ነው፤ የንግሥት ኤልሳቤጥ ሐኪም የነበረ ሰው። ከእሱ በፊት የሰሜን ኮከብ ነው የሚስበው የሚሉ ነበሩ፣ በሰሜን የማግኔት ተራራ አለ የሚሉም ነበሩ። እሱ ከማግኔት ድንጋይ ሉል አስቀርጾ ትንሽ ቀስት በላዩ እያዞረ፣ ቀስቱ ወገቡ ላይ እንደሚጋደም፣ ወደ ዋልታው ሲጠጋ እያዘቀዘቀ እንደሚሄድ አሳየ። ከተሳሳተው አንዱ ምድርን እንደ ቋሚ ማግኔት ማየቱ ነው። ብረት ከ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ማግኔትነቱን ያጣል፤ የምድር እምብርት ደግሞ ከዚያ በብዙ ሺህ ዲግሪ ይበልጣል። መስኩን የሚፈጥረው ከ2,900 ኪሎ ሜትር በታች የሚናጠው የቀለጠ ብረት ነው፤ ሲንቀሳቀስ የኤሌክትሪክ ጅረት ያመነጫል፣ ጅረቱም መስኩን ይጠብቃል። የሚናጥ ነገር ስለሆነ ዋልታውም አንድ ቦታ አይረጋም።


የኮልፌ ሰው

አንድ ጥያቄ ከጎን ልጨምር። ቂብላ ለማግኘት የስልኬን ኮምፓስ እጠቀማለሁ። ቤት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አንድ አቅጣጫ፣ ከቆርቆሮው አጥር አጠገብ ሌላ አቅጣጫ ይለኛል። ጋሽ ቀያሽ የሚሉትን መግነጢሳዊ ወገብ ስልኩ አይወደው ይሆን?


አሮጌው ቀያሽ

ስልክህ ወገቡን ምንም አይለውም። በውስጡ ቀስት የለም፣ ያዘነበለ ነገርም የለም፤ መስኩን በሦስት አቅጣጫ የምትለካ ቅንጣት ናት ያለችው። ያሳሳተው ቆርቆሮው ነው። የስልኩ ማቀፊያ ማግኔት ያለው መዝጊያ ካለውም አውጣው፤ ከአጥሩ የከፋ ጠላት እሱ ነው። ከዚያ ደጅ ወጥተህ ስልኩን በአየር ላይ ስምንት ቁጥር እየሠራህ አዙረውና እንደገና አንብብ።

አዲስ አበባ ላይ ያለህ ዕድል ደግሞ፣ መካ ከእኛ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ ከእውነተኛው ሰሜን አምስት ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ምሥራቅ። የኮምፓስ ቀስት ደግሞ በራሱ ከእውነተኛው ሰሜን ሦስት ዲግሪ ገደማ ወደ ምሥራቅ ያጋድላል። ስለዚህ በቀስት ካየኸው ከቀዩ ጫፍ ሁለት ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ ነው። የስልኩን ማስተካከያ «እውነተኛ ሰሜን» ላይ ካደረግኸው ስልኩ ያለህበትን ቦታ አይቶ ሦስቷን ዲግሪ ራሱ ያርማል፤ ሁለቴ እንዳታርም።

ይህ ሦስት ዲግሪ ለእንጦጦው ልጅም መልስ ነው። ዋልታው መሄዱ እውነት ነው። በሮስ ዘመን ከጂኦግራፊው ዋልታ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር፤ ዛሬ ከአምስት መቶ ያነሰ ነው፣ ያም በሳይቤሪያ ወገን። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዓመት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ የነበረው በዚህ ክፍለ ዘመን መግቢያ አካባቢ ሃምሳን አልፎ ነበር፤ አሁን ወደ 35 ወርዷል። አሜሪካና ብሪታንያ በጋራ የሚያወጡት የዓለም መግነጢሳዊ ሞዴል በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ላይ ጊዜው ሳይደርስ ማስተካከያ ያወጡበት ይኸው ሩጫ ነበር። የደቡቡ ዋልታ ግን እምብዛም አልሮጠም፤ ከአንታርክቲካ የባሕር ዳርቻ ወጣ ብሎ ውቅያኖስ ላይ ተቀምጧል። ሁለቱን በቀጥታ መስመር ብታገናኛቸው መስመሩ በምድር እምብርት መሐል አያልፍም። ምድር ውስጥ የተሰካ ቀጥ ያለ ዘንግ የለም።

ግን ያ ሁሉ ጉዞ እንጦጦ ላይ ምን አደረገ? ምንም ማለት ይቻላል። የእኛን አቅጣጫ የሚወስነው ከእግራችን በታችና በዙሪያችን ያለው መስክ ነው፤ እሱም በዓመት ከአንድ ዲግሪ በጣም ባነሰ ይለወጣል። ሦስት ዲግሪን ችላ ብትል በአንድ ኪሎ ሜትር 52 ሜትር ትስታለህ። ለእግር ጉዞ ምንም አይደለም፤ ለመሬት ወሰን ግን ጎረቤት ያጣላል። በ1 ለ50,000 ካርታ ኅዳግ ላይ የልዩነቱ ሥዕልና የተለካበት ዓመት አለ፤ አንብበውና ዓመቱን አትርሳ።

ከዋልታው ይልቅ የምትፈራው ከእግርህ ሥር ያለውን ጥቁር ድንጋይ ይሁን። የደጋው ባዝልት ብረት አለበት፣ ተራራ ጫፍ ላይ ያለው ደግሞ መብረቅ ሲመታው ኖሮ በኃይል ይመገነጣል። ድንጋዩ ላይ ኮምፓስ አስቀምጦ ማንበብ ከንቱ ነው። እኛ የምናደርገው ይህ ነበር፦ ከቆምክበት ወደ ፊት ያለውን ምልክት አንብብ፤ ከዚያ ምልክቱ ጋ ሄደህ ወደ ኋላ አንብብ። ሁለቱ በ180 ዲግሪ መለያየት አለባቸው። ካልተለያዩ ከሁለቱ ቦታ በአንዱ ድንጋይ፣ ቆርቆሮ ወይም የቀበቶህ ማሰሪያ ጣልቃ ገብቷል። ይህን የማያደርግ ቀያሽ ሲያጋጥመኝ መሣሪያውን ተቀብዬ ወደ ቢሮ እልከው ነበር። አንድ ሰሞን ጉዳዩ ክስ ላይ ደርሷል፤ ዝርዝሩን እተወዋለሁ።


ሲልቨር ስፕሪንግ

ጋሼ፣ ልጄ እዚህ ስካውት ውስጥ ኮምፓስ ሲማር «ከምታነበው ላይ 11 ቀንስ» ብለው አስተማሩት፤ ዋሽንግተን አካባቢ ቀስቱ 11 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ያጋድላልና። ክረምት ላይ ለእረፍት ስንመጣ ወንጪ ሐይቅ ዳር ወጥተን እዚያም 11 ቀነሰ። አባቴ እየሳቁ «ልጅህ ወደ ሌላ ቀበሌ ሊወስደን ነው» አሉ። የዋልታዎቹ መገለባበጥ ነገርስ? እዚህ በየጊዜው ቅርብ ነው እያሉ ያስፈራሩናል።


አሮጌው ቀያሽ

አባትህ ልክ ናቸው። 3 መደመር ሲገባው 11 ቀነሰ፤ በመካከላቸው ያለው 14 ዲግሪ ነው፤ በአንድ ኪሎ ሜትር 250 ሜትር ገደማ። ልጁን አትውቀሰው፤ ሕጉን ነገሩት እንጂ ምክንያቱን አልነገሩትም። ቁጥሩ የቦታው እንጂ የኮምፓሱ አይደለም።

መገለባበጡን በሚመለከት፣ ማስረጃው እዚሁ አገራችን ድንጋይ ውስጥ ተጽፏል። ሊማሊሞ ገደል ላይ የተደራረበው ባዝልት 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አለው፤ ቅልጡ ሲቀዘቅዝ የዘመኑን መስክ አቅጣጫ ይዞ ቀረ። ተመራማሪዎች ከግርጌ ወደ ላይ ናሙና ሲወስዱ አንዳንዱ ንብርብር ዛሬ ካለው በተቃራኒ ተመግንጦ አግኝተውታል። አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት 2.6 ሚሊዮን ዓመት የሚሆናቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜ ሲታወቅም አንዱ መረጃ በአፈሩ ውስጥ የተገኘው እንዲህ ያለ ግልባጭ ነው። የመጨረሻው የተሟላ መገልበጥ የሆነው ከ780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ሲሆንም በሺዎች ዓመታት ነው። ኮምፓስህን አሁን ግዛው፣ አትጠብቅ።


የእንጦጦ ተጓዥ

ጋሼ፣ መምህርት፣ አመሰግናለሁ። ወደ ፊትና ወደ ኋላ የማንበቡን ነገር ከተጓዦቹ ጋር ሞከርነው፤ ማርያም አካባቢ ካለው አለት ላይ ሲሆን ልዩነቱ ከ180 በግልጽ ወጣ፤ ከአለቱ ራቅ ስንል ተስተካከለ። አሁን የቀረኝ ይህ የስዊድን ኮምፓስ ነው። እህቴን መልሼ ልላክልሽ ልበላት? ወይስ ቀዩ ጫፍ ላይ ክብደት መጨመር ይቻላል?


አሮጌው ቀያሽ

የድሮው የቅየሳ ኮምፓስ ቢሆን ኖሮ ይቻል ነበር። በቀስቱ ላይ የተጠመጠመች ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለችው፤ መስተዋቱን ከፍተህ እሷን ወደ ቀዩ ጫፍ ገፋ ታደርጋለህ። የሥነ ምድር ባለሙያዎች የሚይዙት ብራንተንም እንዲሁ ነው። መዳብ የሆነችው ማግኔቱን እንዳትነካ ነው። ያንተ ግን ፈሳሽ ያለበትና የታሸገ ስለሆነ እንዳትከፍተው፤ ፈሳሹ ከወጣ ወዲያ አይመለስም።

እስከዚያው ስታነብ የኮምፓሱን የሰሜን ጎን ቀና አድርገህ ያዘው፤ የቀስቱ ቤት ከቀስቱ ጋር እኩል ሲያዘነብል ነጩ ጫፍ ወለሉን ይለቅና በነፃ ይዞራል። ሲረጋ አንብብ። ለእህትህ ደግሞ ይህንኑ ራሷ ትጠቀምበት፣ በምትኩ ለመግነጢሳዊ ወገብ ቀጠና የተመጣጠነ ወይም በየትኛውም አገር እንዲሠራ የተሠራ ቀስት ያለው ትግዛልህ በላት። ቀጠናው አብዛኛውን ጊዜ በኮምፓሱ ጀርባ ወይም በማሸጊያው ላይ ይጻፋል፤ ሳትከፍል በፊት ታንብበው።